ብረት በራሱ አይታጠፍም

የድሮ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ሁሉ ይህችን ጠብታ ያውቃታል። ሞተሩ ጠፍቷል። ማንም አልነካውም። ቤንዚኑን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ ከሚሰጠው ከካርቡሬተሩ ስር ግን ጠብ፣ ጠብ ትላለች። መጀመሪያ የቤንዚኑ ሽታ ይመጣል፤ ቀጥሎ መሬቱ ላይ እርጥብ ክብ ይታያል። ከዚያ ምክሩ ይጎርፋል። አንዱ «መርፌዋን ቀይራት» ይላል። ሌላው «ኪት ግዛና ሁሉንም አድሰው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ፒንሳውን ይዞ ይመጣል፦ «የፍሎቱን ምላስ ትንሽ ጠመም አድርጋት፣ ወዲያው ትተዋለች።»

እኔ የምጣላው ከሦስተኛው ጋር ነው።

ይህ ካርቡሬተር ለዓመታት ቤንዚኑን በልኩ ሲይዝ ኖሯል። ባለፈው ሳምንትም ይዞ ነበር። ዛሬ ማፍሰስ ከጀመረ አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው። የናስ ምላስ ደግሞ ሌሊት ተነስታ በራሷ አትታጠፍም። የተለወጠውን ነገር ሳያገኙ እሷን ማጠፍ በአንዱ ችግር ላይ ሌላ መደረብ ነው፤ ያውም የማይታይ። ጠብታዋ ለጊዜው ልትቆም ትችላለች። ሞተሩ ግን ቤንዚን እያነሰው ይሄዳል። ባለቤቱም ጄት (ቤንዚኑን የምትመጥነውን ቀዳዳ) ሲቀይር፣ ካንዴላ ሲቀይር፣ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ኮይል ሲጠረጥር ይከርማል።

ለማያውቀው አሠራሩን ባጭሩ ልናገር። ከካርቡሬተሩ ስር ትንሽ የቤንዚን ቋት አለች። ውስጧ ፍሎት የሚባለው ተንሳፋፊ ዕቃ በእጀታው ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እጀታው ላይ ያለችው ትንሽ የናስ ቁራጭ ምላሱ ናት። ቤንዚኑ ሲሞላ ፍሎቱ ይነሳል፣ ምላሱ መርፌዋን ወደ ላይ ይገፋል፣ መርፌዋ መቀመጫዋ ላይ ገጥማ መግቢያውን ትዘጋለች። ሞተሩ ሲጠጣ ፍሎቱ ይወርዳል፣ መግቢያው ይከፈታል። የሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ከፍቶ ያየ ሰው ይህንን አይቶታል። ቪልሄልም ማይባህ እ.ኤ.አ. በ1893 ፍሎት ያለውን የሚረጭ ካርቡሬተር ከሠራ ወዲህ ሐሳቡ ያው ነው። (እዚህ «መርፌ» የምላት መግቢያውን የምትዘጋውን ነው። ከነዳጅ መስጫው ጋር ከፍ ዝቅ የምትለው ረጅሟ መርፌ ሌላ ናት። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።)

ሰዎች የማያስተውሉት ግን ይህ ሁሉ ምን ያህል ትንሽ ኃይል ላይ እንደቆመ ነው። እስቲ እናስላው። ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ከመርፌዋ በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ቤንዚን በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 0.74 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ግፊቱ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 22 ግራም ያህል ነው። የመቀመጫው ቀዳዳ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 0.03 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ቤንዚኑ መርፌዋን የሚገፋት እንግዲህ በ0.7 ግራም ነው። ግራም እንኳ አይሞላም! ፍሎቱ ይህንን ለማሸነፍ ብዙ ጉልበት አያስፈልገውም። የፍሎቱ እጀታ ረዘም ስላለ ደግሞ ጉልበቱ ተባዝቶ ነው መርፌዋ ላይ የሚያርፈው።

ይህ ሒሳብ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ጤነኛ ፍሎትና ጤነኛ መርፌ በመሬት ስበት የሚወርድ ቤንዚንን መዝጋት አያቅታቸውም፤ ስለዚህ «ግፊቱ በዝቶባት ነው» የሚባለው ወሬ፣ የነዳጅ ፓምፕ ለሌለው ሞተር አይሠራም። ሁለተኛ፣ ኃይሉ እንዲህ ትንሽ ከሆነ መርፌዋንና መቀመጫዋን ለማለያየት የዝገት ቅንጣት ትበቃለች። በዓይን እንኳ በደንብ የማትታይ።

ለዚህ ነው በካቻቢቴ እጀታ ቋቷን ጎን ኳ ኳ ማድረግ አንዳንዴ የሚሠራው። ቅንጣቷ ትለቃለች፣ ወይም ተጣብቆ የነበረው ፍሎት ይነሳል። በዚህ ዘዴ የሚስቅ ሰው አለ። እኔ አልስቅም። ምክንያቱም ውጤቱ መረጃ ነው። ሲመታ ማፍሰሱን ካቆመ ዕቃው አልተበላሸም፣ የቆሸሸ ወይም የተጣበቀ ነው። ተመትቶም ካላቆመ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። አጥብቆ መምታት ግን አያስፈልግም። ቋቷ ከለስላሳ ቅይጥ ብረት የተሠራች ናት።

ከዚያ በኋላ የምወደው ሥራ ይመጣል፦ ቋቷ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ነጭ ሳህን ላይ ማፍሰስ። ሰው ሁሉ ይህን ቤንዚን መሬት ላይ ይደፋዋል። የምርመራው ግማሽ ግን እዚያ ውስጥ አለ። ሳህኑን ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ ብርሃን ላይ ያዙት። ቀይ ቡናማ ደቃቅ ነገር ከታች ከተከማቸ ከታንኩ የመጣ ዝገት ነው። ማግኔት ከሳህኑ ስር ብታንቀሳቅሱ ከፊሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት የሚመስል ካለ የካርቡሬተሩ የራሱ ብረት ውሃ አግኝቶት እየተበላ ነው። ውሃ ራሱ ካለ ደግሞ ከቤንዚኑ ስር ክብ ክብ ሆኖ ይንከባለላል፣ አይቀላቀልም። ጥቁርና ለስላሳ ቁራጭ ካያችሁ ቱቦውን ተመልከቱ። አዲስ ጎማ ቱቦ ጠባብ አፍ ላይ በግድ ሲገፋ፣ የአፉ ጠርዝ ከውስጥ ቀጭን ፍቅፋቂ ይልጣል። ቱቦው የተሰካው ከማጣሪያው በኋላ ከሆነ፣ ይህች ፍቅፋቂ በቀጥታ መርፌዋ ስር ነው የምትገባው። «ቱቦውን ትናንት ቀየርኩት፣ ዛሬ ማፍሰስ ጀመረ» የሚል ሰው ስሰማ መጀመሪያ የማስበው ይህንን ነው።

ሳህኑ ዝገት ካሳየ መርፌዋን ማጽዳት ብቻውን አይበቃም። ታንኩ ዝገት እስከሰጠ ድረስ ነገ ይደገማል። ታንኩን አጽዱ፣ የታንኩን መክፈቻ (ቤንዚኑን የሚለቀውንና የሚዘጋውን) ወንፊት እዩ፣ መሐል ላይ ማጣሪያ አድርጉ። ማጣሪያው ግን በጣም ደቃቅ ወረቀት ያለው፣ ለፓምፕ የተሠራ አይሁን። በስበት ብቻ የሚወርድ ቤንዚን እሱን ማለፍ ያቅተውና ሞተሩ በተቃራኒው ይራባል።

ሳህኑ ንጹሕ ሆኖ ማፍሰሱ ከቀጠለስ? አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ መርፌ ይገዛል። እኔ ከመርፌዋ በፊት ሁለት ቦታ አያለሁ፤ ሁለቱም መርፌዋን መስለው የሚያታልሉ ናቸው።

አንደኛው የትርፍ ማፍሰሻ ቱቦዋ ናት። በብዙ የጃፓን ካርቡሬተሮች ቋቷ መሐል ቀጭን የናስ ቱቦ ቆማ ታያላችሁ። ቤንዚኑ ከልክ በላይ ከሞላ በቱቦዋ አፍ ገብቶ ወደ ውጭ እንዲፈስ ነው የተሠራችው፤ ወደ ሞተሩ ከሚገባ መሬት ላይ ቢፈስ ይሻላልና። ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ ቱቦዋ ከዕድሜ ብዛት ቁመቷን ተከትላ ትሰነጠቃለች። ውሃ ገብቶባት በረዶ ከሆነም ትሰነጠቃለች። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ ቱቦዋን ካላጠቡና በማጉያ መነጽር ካላዩ አይታይም። ቤንዚኑ በትክክለኛ ልኩ ቢቆምም ስንጥቁ ከልኩ በታች ከወረደ መፍሰሱ አይቀርም። መርፌ ቢቀየር፣ ፍሎት ቢቀየር፣ ለውጥ የለም።

አንድ ወዳጄ ባለ ሁለት ሲሊንደር የድሮ ሞተር ገዝቶ ነበር። ከቀድሞ ባለቤቱ ጋር አንድ ከረጢት ሙሉ መርፌ አብሮ መጣለት። ሁሉም አዳዲስ፣ ሁሉም ተሞክረው የወጡ። የግራው ካርቡሬተር ምላስ ወዲያና ወዲህ ከመታጠፉ የተነሳ ነጭ መስመር አውጥቷል፤ ብረት ሊቆረጥ ሲል የሚያወጣውን መስመር። ቋቷን ፈታናት። ከፍሎቱ ጋር ምንም ሳናደርግ፣ ቋቷን ለብቻዋ ደረቅ ወረቀት ላይ አስቀምጠን ቤንዚን እስከ ግማሽ ሞላንባት። ቁጭ ብለን አየን። ወሬ ጀመርን። ወሬው ሳያልቅ ወረቀቱ ላይ ክብ መጣ። መርፌ የለ፣ ፍሎት የለ፣ ታንክ የለ፤ ቋቷ ብቻዋን ታፈሳለች። ወዳጄ ከረጢቱን አየት አድርጎ «እነዚህን ሁሉ ማን ሊገዛኝ ነው?» አለ።

ስንጥቅ በካውያና በሊድ ይደፈናል። ቱቦዋን ከውጭ በደንብ አጽድቶ ሊዱ ዙሪያዋን እንዲሸፍን ማድረግ ነው። ወይም ልኳን የያዘች ቀጭን የናስ ቱቦ ማልበስ። አፏን ደፍኖ መገላገል የሚመርጥም አለ። እኔ አልወደውም። ትርፉ መውጫ ካጣ የሚሄደው ወደ ሲሊንደሩ ነው። ለምን እንደሚያስፈራ በኋላ እናገራለሁ።

ሁለተኛው አታላይ የመቀመጫው ዙሪያ ነው። መቀመጫው በብዙ ካርቡሬተሮች ተነቃይ ነው። በጥርስ ይታሰራል ወይም ተገፍቶ ይገባል። ከካርቡሬተሩ አካል ጋር የሚያጣብቀው ትንሽ የጎማ ቀለበት ወይም ስስ ጓርኒሲዮን (በሁለት ዕቃ መሐል የሚገባ ማሸጊያ) ነው። ያ ጎማ ሲደርቅ ቤንዚኑ በመርፌዋ በኩል መግባቱን ትቶ በመቀመጫው ጎን ይገባል። መርፌዋ አጥብቃ ዘግታለች፣ ቋቷ ግን ይሞላል። ለመለየት ካርቡሬተሩን ገልብጡት። ፍሎቱ በራሱ ክብደት መርፌዋን ይዘጋል። መግቢያው ላይ ንጹሕ ቱቦ ሰክታችሁ ቀስ ብላችሁ ንፉ። አየር ካለፈ፣ መቀመጫው ዙሪያ ጥቂት ቤንዚን አድርጋችሁ ድጋሚ ንፉ። አረፋው የሚወጣው ከመርፌዋ ጫፍ ነው ወይስ ከመቀመጫው ጎን? መልሱ ዓይናችሁ ፊት ነው።

አሁን ወደ መርፌዋ እንምጣ። በጣም የቆዩት ጫፋቸው ብረት ነው። ከዚያ የጎማ ጫፍ ያላቸው መጡ፤ ዱፖንት ቫይቶን የሚባለውን ቤንዚን የማይበላው ጎማ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የብረቷ ጫፍ ለዓመታት አንድ ቦታ ስትመታ ዙሪያዋን ቀለበት ትሠራለች። በጥፍራችሁ ጫፏን ቀስ ብላችሁ ከላይ ወደ ታች ሳቡት። ጥፍራችሁ ከተያዘ አልቃለች። የጎማዋም ቀለበት ይወጣባታል፤ ከዚያ በተጨማሪ ትደርቃለች ወይም ታብጣለች። ብዙዎቹ መርፌዎች ከኋላቸው በሞላ የምትገፋ ትንሽ ፒን አላቸው። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ፍሎቱ የሚዘለውን ዝላይ እሷ ትውጠዋለች። በጣት ስትነኳት ገብታ መመለስ አለባት። ገብታ ከቀረች መርፌዋ አጥራለች ማለት ነው፤ ቋቷም ከልክ በላይ ይሞላል። ምላሷን ያጠፈ ሰው ይህንን ፒን አይቶ ይሆን? ብዙ ጊዜ አላየም።

መቀመጫውን በአሸዋ ወረቀት መንካት ክልክል ነው። የጥጥ ጫፍ ላይ የብረት ማጽጃ ክሬም አድርጎ በጣት ማሽከርከር ይበቃል። ከዚያ በደንብ ማጠብ። የጥጥ ክር ራሱ ቀርቶ ሌላ ፍሳሽ እንዳይሆን።

ስለ ጥገና ኪት አንድ ነገር ልበል። አሮጌዋን መርፌ አትጣሉ። ለብዙ ሞዴል አንድ ላይ የሚሸጡ ኪቶች ውስጥ ያሉት መርፌዎች ርዝመታቸው ከመጀመሪያዋ ሊለይ ይችላል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት እጀታው ላይ ሲደርስ ተባዝቶ የቤንዚኑን ልክ ያናጋዋል። የሞላዋ ጥንካሬም ይለያል። የመቀመጫው ቀዳዳ ስፋትም ይለያል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በካሊፐር፣ ሚሊ ሜትር በሚለካው መሣሪያ፣ ለኩ። የድሮዋ ጫፏ ጤነኛ ከሆነ መልሳችሁ ክተቷት። አዲስ ስለሆነ ብቻ ይሻላል የሚባል ነገር በድሮ ሞተር ላይ ሁልጊዜ አይሠራም።

ፍሎቱ ራሱ የሚታመመው በዓይነቱ ነው። የናሱ ባዶ ሆኖ በሊድ የተዘጋ ነው። መጋጠሚያው ላይ ቀዳዳ ካበጀ ቤንዚን ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል፣ መርፌዋን ዘግይቶ ይዘጋል። ውስጡ አንድ ሚሊ ሊትር ብቻ ቢገባ 0.74 ግራም ነው፤ ቅድም ካሰላነው የቤንዚኑ ግፊት ጋር አስተያዩት። ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ አወዛውዙት። ይሰማል። የት እንደተበሳ ለማወቅ ሙቅ ውሃ ውስጥ ድፈቁት። ውስጡ ያለው አየር ሲሰፋ ከቀዳዳው አረፋ ተሰልፎ ይወጣል። ውሃው ሌላ ቦታ ይፍላ፤ እሳትና ቤንዚን የጠጣ ፍሎት አንድ ክፍል ውስጥ አይገናኙ።

መበየዱ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ ሳይተን ካውያ ማስጠጋት አደጋ ነው፤ ካስፈለገ ሌላ ቀዳዳ በስቶ ማድረቅ ይሻላል። ሁለተኛው፣ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር መውጫ ስለሚያጣ ቀልጦ ያለውን ሊድ ፊኛ ሠርቶ ይበሳዋል። ለዚህ የበሳችኋትን ቀዳዳ ክፍት ትታችሁ መጀመሪያ የታመመውን ድፈኑ። ሲቀዘቅዝ ቀዳዳዋን በአንድ ንኪ ዝጉ። ሊድ ደግሞ ከባድ ነው። ትርፉን አንሱ፤ ብትችሉ ከጓደኛው ፍሎት ጋር መዝኑት።

የቡሽ ፍሎት ያለው በጣም የድሮ ሞተር ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ቡሹ የሚቀባው ሼላክ የሚባል ቫርኒሽ ቤንዚንን ይችላል፤ አልኮልን ግን አይችልም። አሁን በብዙ አገር የሚሸጠው ቤንዚን ኤታኖል የሚባለው አልኮል አለበት። ሼላኩ ይሟሟል፣ ቡሹ ይጠጣል፣ የተሟሟው ደግሞ መርፌዋ ላይ ሄዶ ይጣበቃል። ኤታኖል በሚችል ማሸጊያ መቀየር ወይም ዘመናዊ ፍሎት መፈለግ ነው። የፕላስቲኩ ላይ የምለው ብዙ የለኝም። ከተሰነጠቀ ይቀየራል።

እዚህ ጋ የፍሎቱ እጀታ ስለሚዞርበት ፒን ላንሳ፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ የሚያስፈራኝ እሱን ማውጣት ነው። ፒኑ በሁለት ቀጫጭን ምሶሶዎች መሐል ያልፋል። ምሶሶዎቹ ከካርቡሬተሩ አካል ጋር አብረው የተቀለጡ ናቸው። ለዓመታት የደረቀ ቤንዚን ፒኑን እንደ ሙጫ ይይዘዋል። በመዶሻ ጠንከር ብሎ አንድ ጊዜ መምታት ምሶሶውን ይሰብረዋል፤ ያ ምሶሶ ከተሰበረ ካርቡሬተሩ አለቀ ማለት ይቀላል። ማጽጃ ንፉበት። እደሩበት። ፒኑ በአንደኛው ምሶሶ ላይ ጠበቅ፣ በሌላው ላላ የሚልባቸው አሉ፤ ከጠባቡ በኩል ገፍቶ በላላው በኩል ማውጣት ነው። የሚመታውን ምሶሶ ከኋላው በሆነ ነገር ደግፉት። እምቢ ካለ ሙቀት ስጡት። ያኔም እምቢ ካለ ሻይ ጠጡና ተመለሱ።

ልኩን ስለመለካት ደግሞ እንነጋገር፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ተገላቢጦሽ የሚሠራው። መመሪያው የሚሰጠው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ካርቡሬተሩ ተገልብጦ፣ ጓርኒሲዮኑ ተነስቶ፣ ከአካሉ ጠርዝ እስከ ፍሎቱ ሩቅ ጫፍ ያለው ርቀት ነው። የሆንዳ ሲቢ 750ን ውሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ባለ አራት ካርቡሬተር። ልኩ 26 ሚሊ ሜትር ነው። አሁን ጥያቄው፦ 26 የነበረውን 28 ብናደርገው ቋቷ ውስጥ የሚቆመው ቤንዚን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

ይቀንሳል። ቁጥሩ ሲያድግ ፍሎቱ ከአካሉ ይርቃል ማለት ነው። ካርቡሬተሩን ወደ ቦታው ስትመልሱት ያ ርቀት ወደ ታች ይሆናል። ፍሎቱ ገና ዝቅ ብሎ ሳለ መርፌዋ ትዘጋለች። «ፍሎቱን ከፍ አድርገው» የሚለው ምክር የሚያሳስተው ለዚህ ነው። ከፍ ያለው ተገልብጦ ነው ወይስ ቆሞ? ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ቃል እያወሩ ተቃራኒ ሥራ ይሠራሉ። እኔ «ቁጥሩን ጨምር» ወይም «ቁጥሩን ቀንስ» ብቻ ነው የምለው።

ስትለኩ ደግሞ ካርቡሬተሩን ሙሉ በሙሉ አትገልብጡት። የፍሎቱ ክብደት የመርፌዋን ሞላ ይጫናትና ቁጥሩ ይዋሻል። ጎኑን አዘንብሉት፤ ምላሷ ፒኗን ነካ ብቻ ስታደርጋት፣ ሳትጫናት፣ እዚያ ላይ ለኩ።

ከዚህ ሁሉ የማምነው ግን ግልጽ ቱቦውን ነው። ቋቷ ስር ማፍሰሻ አፍ ካለ ግልጽ ቱቦ ስኩበት። ቱቦውን ወደ ላይ መልሳችሁ ከካርቡሬተሩ ጎን አስጠግታችሁ ያዙት። የማፍሰሻውን ብሎን አላሉ። የታንኩን መክፈቻ ክፈቱ። ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ወጥቶ ቋቷ ውስጥ ካለው ጋር እኩል ይቆማል። ያለ ሒሳብ፣ ያለ ካሊፐር፣ እውነተኛው ልክ ይህ ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ የጎን ማቆሚያው ላይ ተደግፎ የሚለካ ልክ ልክ አይደለም። እንዲያውም የጎን ማቆሚያው ላይ ብቻ የሚያፈስና ቀጥ ሲል የሚያቆም ሞተር አለ። የቤንዚኑ ልክ ከትርፍ ማፍሰሻ ቱቦዋ አፍ ጥቂት ብቻ ዝቅ ያለ ከሆነ መዘንበሉ ይበቃዋል።

እስካሁን የማፍሰሱን ጎን ነው ያወራሁት። መርፌዋ ተዘግታ ከተጣበቀችስ? ሞተሩ ይነሳል፣ ቋቷ ውስጥ ያለውን ይጠጣል፣ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ድጋሚ ይነሳል፣ ድጋሚ ይጠፋል። ቀለል ያለው ዓይነት ደግሞ ሜዳ ላይ ደህና ሄዶ ረጅም ዳገት ላይ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጡት ይደክማል፤ ነዳጅ ሲቀንሱለት ይመለሳል። ቋቷ የሚሞላበት ፍጥነት ሞተሩ ከሚጠጣበት አንሷል። መርፌዋን ከመፍታታችሁ በፊት የታንኩን ክዳን ክፈቱ። ሽሽ ብሎ አየር ከሳበ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ ካርቡሬተሩ ንጹሕ ነው። የቋቷ መተንፈሻም እንዲሁ ይደፈናል። ቱቦው ተቆልምሞ፣ ወይም ነፍሳት ቤት ሠርተውበት።

ማፍሰስ ለምን እንደሚያስፈራ ልናገር ቃል ገብቻለሁ። መሬት ላይ የሚፈሰው ቤንዚን የሚያስፈራው ለእሳቱ ነው፤ ማርሚታው የሚግል ነገር ነው። የማይታየው ግን ይብሳል። ትርፉ ወደ ውጭ መውጫ ካጣ በመግቢያው በኩል ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የፒስተኑን ቀለበቶች አልፎ ዘይቱ ጋ ይደርሳል፣ ዘይቱን ያቀጥነዋል። የዘይቱ ልክ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ካገኛችሁትና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩን አታስነሱ። ዘይቱን ቀይሩ። ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረ ካለ ደግሞ ፈሳሽ እንደ አየር አይታመቅም። ፒስተኑ ሲወጣ ቢዬላውን፣ ፒስተኑን የሚገፋውን ዘንግ፣ ሊያጎብጠው ይችላል። ካንዴላውን ፈትታችሁ በእግር መርገጫው ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩት። ሞተሩ ሲቆም የታንኩን መክፈቻ መዝጋት ደግሞ ልማድ ይሁን፤ ጤነኛ መርፌ እያለም ቢሆን።

ታዲያ ምላሷን ማጠፍ የሚገባው መቼ ነው? ፍሎቱ ሲቀየር። መርፌዋ ወይም መቀመጫው ሲቀየር። ከእናንተ በፊት ሌላ ሰው አጥፏት ከሆነ። ያኔም ሁለቱን እጀታዎች ሳይሆን ምላሷን ብቻ፣ በትንሽ ካቻቢቴ፣ መርፌዋን ሳትጫኑ። ምላስ የሌላቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው አማል ኮንሴንትሪክ ከመጀመሪያው የፕላስቲክ ፍሎቱ ጋር የሚታጠፍ ነገር የለውም። መቀመጫው ያለው ቋቷ ውስጥ ነው። ቋቷን አሙቆ መቀመጫውን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ነው። በኋላ የመጡት አዳዲስ ፍሎቶች ግን የሚታጠፍ ምላስ ተደርጎላቸዋል።

ከአንድ በላይ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከሆነ ከቁጥሩ ይልቅ እኩልነቱን አስቀድሙ። አራቱም 26.5 ቢሆኑ ሞተሩ ብዙም አያኮርፍም። ሦስቱ 26 ሆነው አንዱ 23 ከሆነ ግን ያ ሲሊንደር ቤንዚን ይበዛበታል፣ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጡት በቀስታ ሲሠራ፣ ይንተፋተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ስለዚህ ምንም ከመፍታታችሁ በፊት ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ በቅደም ተከተላቸው ደርድሩ። ሦስቱ ቡናማ፣ አንዱ ጥቁር ከሆነ፣ የትኛውን ቋት መጀመሪያ እንደምትከፍቱ ታውቃላችሁ።